የአፈር ሙቀት መለኪያ፦ ለመስክ የቱ ይሻላል?

ድሬዳዋ ወይም ሐረር አካባቢ የአፈር ሙቀት ልትለኩ ነው? ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ሌሊት ማን እንደሚያነብ ወስኑ። የላይኛው አፈር በጣም የሚቀዘቅዘው ጎህ ሲቀድ አካባቢ ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ደግሞ ሙቀቱ ጣራ የሚነካው ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ሳይሆን ቆይቶ ነው። በነዚህ ሰዓቶች ማሳ ላይ የሚቆም ሰው ከሌለ የእጅ መለኪያ ብዙም አይጠቅማችሁም።

ለዘር ወቅት ቅኝት ግን የእጁ ይበቃል። ባለ ቀስቱ (ሙቀቱን በክብ ሰሌዳ ላይ በቀስት የሚያሳየው) ርካሽ ነው፣ ባትሪም አይፈልግም። ችግሩ፣ ሙቀቱን የሚለካው ጥቅልል ብረት የዘንጉን ታችኛ ክፍል በርከት ያለ ሳንቲ ሜትር ይይዛል። 5 ሳንቲ ሜትር ለካሁ ስትሉ የያዛችሁት አማካይ ነው። ጫፉ ብቻ የሚለካ ዲጂታል ግዙ፣ አለቀ።

ወራት ለሚፈጅ ጥናት ሎገር፣ ማለትም ንባቡን በራሱ እየመዘገበ የሚያስቀምጥ መሣሪያ፣ ያስፈልጋል። አይበተን (iButton) የሚባለው ሎገር ሳንቲም ያክላል፤ ቀብራችሁት ትሄዳላችሁ። ዲኤስ1922ኤል የተባለው ዓይነት በከፍተኛ ጥራት 4096 ንባብ ይይዛል። በየሰዓቱ ቢመዘግብ 170 ቀን ማለት ነው። ባትሪው ግን አይቀየርም፣ እርጥበት እንዳይገባውም መሸፈን አለበት። ሆቦ ፔንዳንት የተባለው ሎገር ውሃ አይፈራም፣ ባትሪውም ይቀየራል። አዲሶቹ በብሉቱዝ ስልክ ላይ ይነበባሉ። ዋጋው ካልከበዳችሁ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

እጁ ኤሌክትሮኒክስ የለመደ ሰው ዲኤስ18ቢ20 የተባሉ የሙቀት ሴንሰሮችን ከአርዱዊኖ (በፕሮግራም ከሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ጋር ያገናኝ። በአንድ ሽቦ 5፣ 10 እና 20 ሳንቲ ሜትርን አብሮ ይለካል፤ ከእነዚህ ሎገሮች ይረክሳል። ስህተቱ በግማሽ ዲግሪ ውስጥ ነው ይባላል፤ ገበያው ላይ ፎርጅዱ ስለበዛ ግን እያንዳንዱን ፈትሹ። ከላይ የሚቀመጠው የአርዱዊኖው ሳጥንም የእረኛ ልጆችን ዓይን ይስባል።

ቴርሞካፕል (ከሁለት የተለያዩ ብረቶች ሽቦ የተሠራ የሙቀት ሴንሰር) ጥሩ ሎገር ላለው ተቋም ይሁን።

የትኛውንም ብትገዙ፣ መረሬ (ጥቁር ሸክላማ) አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሴንሰሩ ስንጥቁ ውስጥ ከዋለ የምታነቡት የአየሩን ሙቀት ነው። የባቢሌ አሸዋማ አፈር ላይ ደግሞ ንፋስና ዝናብ የላዩን ይጠርገዋል፤ ጥልቀቱን በየጊዜው ለኩ።

ከመቅበራችሁ በፊት በተፈጨ በረዶና ውሃ ድብልቅ ውስጥ ከታችሁ 0 ማንበቡን እዩ። በፈላ ውሃ አትሞክሩ፤ ሐረር ከፍታዋ 1,900 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው።