አባዬን ትንፋሽ ላሠራችልን ልጅ ምስጋና፣ ደብረ ብርሃን ላላችሁም ጥቆማ

ሰላም የሰፈሬ ሰዎች። ይህን ሳልጽፍ ሦስት ወር አለፈኝ። ዛሬ ጠዋት አባዬ ራሱ "ያቺን ልጅ እስካሁን አላመሰገንሻትም?" ብሎ ተቆጣኝ።

አባዬ 67 ዓመቱ ነው። የደም ግፊት እንዳለበት ካወቀ ቆይቷል፤ ኪኒኑን የሚውጠው ግን ራሱን ሲያመው ብቻ ነበር። "ሳያመኝ ምን ልሁን ብዬ ነው የምውጠው?" ይላል። ግፊት ደግሞ ሳያሳምም ነው የሚጎዳው። ደህና ነኝ እያለ አንድ ቀን ሲለካ 178 በ104 ሆኖ ተገኘ። በዚህ መሃል ከውጭ የመጣ ዘመድ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ይዞለት መጣ፤ አፍ ላይ ተይዞ አየር የሚሳብባት፣ የትንፋሽ ጡንቻ ማሠሪያ ናት። "ይቺን ከያዝክ ኪኒን ምን ያደርግልሃል" አለው። አለቀ። አባዬ ኪኒኑን ጭራሽ ተወና ሁለት ሳምንት ሙሉ ዕቃዋን እንደ ዋሽንት ሲነፋት ከረመ። የምትሳብ እንጂ የምትነፋ እንዳልሆነች የነገረው የለም!

ጎረቤታችን ናት ጠበሴ አካባቢ ቤት ለቤት የምትሠራ ፊዚዮቴራፒስት (በሰውነት እንቅስቃሴና ልምምድ የምታክም ባለሙያ) አለች ያለችን። ፊዚዮቴራፒስቷ ስሜን አትጻፊ ስላለችኝ አልጽፍም። መጣች፣ ቡና ቀረበላት፣ ዕቃዋን አገላብጣ አየችና ጠረጴዛው ላይ መለሰቻት።

"አባባ፣ መጀመሪያ ኪኒንዎን ያሳዩኝ።"

አመጣ። የታዘዘበትን ቀን አየች፣ የቀሩትን አንድ በአንድ ቆጠረች። ከዚያ "ሐኪምዎ ሳያይዎት አላስጀምርዎትም" ብላ ብድግ። ገንዘብ ስሰጣት "ምን ሠራሁና?" አለችኝ። እውነቱን ልናገርና በጣም ነው የተናደድኩት፤ ከሥራ አስፈቅጄ እሷን ስጠብቅ የዋልኩት ለዚህ ነው እንዴ ብዬ። አሁን ሳስበው ግን ትልቁን ሥራ የሠራችልን ያን ቀን ነው።

ሐኪሙ ኪኒኑን አስተካክሎ ልምምዱንም ከፈቀደ በኋላ ተመልሳ መጣች። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ዕቃዋ ውስጥ አየር የሚያግድ ነገር ስላለ ወደ ውስጥ ሲስቡ ትከብዳለች፣ ወፍራም አጥሚት በቀጭን ስትሮ እንደመሳብ በሉት። አፍንጫ ይቆነጠጣል። ትከሻ አይነሳም፤ ከጎድን አጥንት ሥር ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ድያፍራም የሚባለው ነው መሥራት ያለበት። ስድስት ስድስት ጊዜ እየሳበ፣ በመሃል እያረፈ፣ በቀን 30 ትንፋሽ፣ በሳምንት 6 ቀን። ካዞረው ወዲያው ያቆማል። በቅርቡ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ወይም የጆሮው ታምቡር የተቀደደ ሰው ሐኪም ሳያማክር እንዳይነካትም ነግራናለች።

አባዬ ቁጥር ይጠፋበታል። መጀመሪያ በመቁጠሪያው ሊቆጥር ሲል እማዬ ጮኸችበት። ስለዚህ 30 ሽምብራ ከአንዱ ስኒ ወደ ሌላው እያዘዋወረ ይቆጥራል፤ በዚያ ብርድ ጠዋት ጋቢውን ተከናንቦ፣ አፍንጫውን ተቆንጥጦ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ብታዩት! ሽምብራው የተቆላ ከሆነ ግን ሂሳቡ ይጎድላል፣ ይበላዋላ።

ነገሩ ከየት መጣ ብዬ ጠይቄያት ነበር። በፈረንጆቹ 2021 የወጣ የአሜሪካው ኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ጥናት አለ። ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 79 የሆኑ ሰዎች እንዲህ ለ6 ሳምንት ሠርተው የግፊታቸው የላይኛው ቁጥር በአማካይ 9 ወርዷል። የደም ሥራቸውም ዘና ማለት ጀምሯል። እሷ ግን ወዲያው "በጥናቱ የተሳተፉት 36 ሰዎች ብቻ ናቸው፣ ኪኒን ጣሉ ያለም የለም" አለችኝ። የሚሸጥ ሰው እንዲህ አያወራም።

አለካክም ያስተማረችን እሷ ናት። ቡና ከጠጣ ግማሽ ሰዓት ይጠብቃል፣ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ጀርባው ይደገፋል፣ እግሩ መሬት ይነካል፣ ክንዱ በልቡ ትክክል ይሆናል። ወሬ የለም። አባዬ እየተለካ ስለ ገብስ ዋጋ ያወራ ነበር፤ ዝም ሲል ብቻ ቁጥሩ ወረደለት።

አሁን የላይኛው ቁጥሩ 130 ቤት ውስጥ ነው። ኪኒኑ ነው፣ ጨው መቀነሱ ነው፣ ትንፋሹ ነው? እኔ እንጃ። እሷም "የኔ ነው" አላለችም። ደረጃ ሲወጣ ግን እንደ ድሮው አያለከልክም።

አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ሰዓት ላይ ደካማ ናት፣ ሁሌ ባጃጅ አጣሁ ነው። ዋጋዋ ግን አይጎዳም። የምትፈልጓት በውስጥ ጻፉልኝ፣ እሷን ጠይቄ ስልኳን እሰጣችኋለሁ። ከመምጣቷ በፊት ኪኒናችሁን አዘጋጁ፣ ትቆጥራለች።