የማይዝገው ቢላዋዬ ከ8 ወር በኋላ

በየቀኑ ሽንኩርት የምከትፍበትና ሥጋ የምቆርጥበት ቢላዋ በጎኑ 1.4116 የሚል ቁጥር ተቀርጾበታል። ቁጥሩ 0.5 በመቶ ገደማ ካርቦንና 15 በመቶ ገደማ ክሮሚየም ያለበትን፣ ማርቴንሲቲክ የሚባለውን የማይዝግ ብረት የሚያመለክት የጀርመን መለያ ነው። ጥሩ ማንኪያ ከሚሠራበት ኒኬል ከበዛበት ብረት የሚለየው ማግኔት ስለሚይዘውና፣ ከሁሉም በላይ፣ በሙቀት ሊጠነክር ስለሚችል ነው።

ስለቱ በፋብሪካ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግልና ካርቦኑ በብረቱ ውስጥ ሲሟሟ በፍጥነት ይቀዘቅዛል። ካርቦኑ መውጫ አጥቶ እዚያው ስለሚታገት ብረቱ እጅግ ይጠነክራል፤ ነገር ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ እንዳይሆን እንደገና ወደ 200 ዲግሪ አካባቢ ይሞቃል። የዚህ ዓይነት ቢላዋ ጥንካሬ አብዛኛውን ጊዜ በሮክዌል መለኪያ ከ55 እስከ 57 ነው። ከዚህ የሚጠነክሩ ቢላዎች ስለታቸውን ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛሉ፤ የእኔው በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ መሳል ይፈልጋል። በአንጻሩ አንድ ቀን ሳላስተውል አጥንት ስመታበት ጠርዙ ተጣመመ እንጂ አልተሸረፈም፤ በመሳያ ዘንግ ደጋግሜ ሳሸው ተቃና።

በአምስተኛው ወር ግን ስንፍና ይዞኝ በኤሌክትሪክ ሞተር ለሚስል ባለሙያ ሰጠሁት። ውኃ በማይነካው ድንጋይ ላይ የእሳት ፍንጣሪ እየረጨ ሲመልስልኝ ጫፉ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። ብረቱ እንዲህ ቀለም የሚቀይረው ፋብሪካው ከለካለት ሙቀት እጅግ ሲያልፍ ነው፤ ጥንካሬው ይወርዳል፣ ክሮሚየሙም ከካርቦን ጋር እየተጣበቀ ዝገት የመከላከል አቅሙ ይቀንሳል። እንደተባለውም ጫፉ ቲማቲም እንኳ መላጥ አቃተው፤ ሎሚ ቆርጬበት ሳላጥበው ባደረ ጊዜ ደግሞ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣው እዚያው ላይ ብቻ ነበር። የቀረው የስለቱ ክፍል በዚያው ሌሊት ምንም አልሆነም።

ቀሪው ክፍልም ቢሆን ፈጽሞ አይዝግም ማለት አይደለም። በረኪና ባለበት ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ሲቆይ ጥቃቅን ጉድጓዶች አበጅቷል፤ እነዚህ በመወልወል አይለቁም።

ሰማያዊውን ጫፍ በእርጥብ ድንጋይ እየፈጨሁ ስላስወገድሁት ቢላዋው ዛሬ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል አጥሯል፤ የቀረው ግን እንደ መጀመሪያው ወር ይቆርጣል። አሁን የምስለው ራሴ ነኝ።