ቬርን ወይስ ዌልስ፦ ከየትኛው ልጀምር?

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ የሚያዞር ልጅ ክንዱ ላይ ከደረደራቸው መሀል ሁለት መዘዘልኝ፤ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ጸሐፊዎቹን ዡል ቬርንና ኤች ጂ ዌልስ። «የቱን ልስጥህ?»

ዋጋ፦ ስልክ ላይ ለሚያነብ ሁለቱም ነጻ ናቸው፤ ፕሮጀክት ጉተንበርግ የሚባለው የነጻ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ አሉ። ወረቀት ከፈለጉ ክርክሩ ከልጁ ጋር ነው።

ቅለት፦ የዌልስ «ታይም ማሽን» (1895 እ.ኤ.አ.) ቀጭን ነው፤ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃዋል። ቬርን ግን በባሕር መጽሐፉ የዓሣ ዓይነት መዘርዘር ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። እኔ ገጽ እዘላለሁ፤ አላፍርም።

ስጋት፦ እዚህ ላይ ቬርን ያስቸግራል። የጻፈው በፈረንሳይኛ ነው። «ሃያ ሺህ ሊግ ከባሕር በታች» በ1870ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ሩብ ያህሉ ተቆርጦ ነው፤ ያ ትርጉም ግን ዛሬም ይሸጣል። ሽፋኑን ትተው የተርጓሚውን ስም ይዩ፤ መርሲየር ከሆነ ይመልሱት። (ሊግ የድሮ የርቀት መለኪያ ነው፤ ሃያ ሺሁ ደግሞ ጥልቀት አይደለም፤ ሰርጓጅ መርከቧ የተጓዘችው ርቀት ነው፣ 80,000 ኪሎ ሜትር ገደማ።) ዌልስ በእንግሊዝኛ ስለጻፈ ይህ ጣጣ የለበትም።

ለማን፦ ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ ካልተነገረው እንቅልፍ ለማይወስደው፣ ቬርን። ማሽኑን ትቶ «የሰው ልጅ መጨረሻው ምን ይሆን?» ለሚል፣ ዌልስ።

እኔ ያን ቀን ዌልስን ይዤ ሄድኩ። ቬርኑን ገለጥ ሳደርገው የመርሲየር ነበር።