መኪና ከመግዛታችሁ በፊት ሐጂን አማክሩ

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ኩታበር፣ በዚህ ዙሪያ ያላችሁና ያገለገለ መኪና ልትገዙ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ይችን ሳታነቡ ቀብድ እንዳትከፍሉ። ትንሽ ትረዝማለች። ግን ብራችሁን ታተርፍላችኋለች።

የተቀመጥኩት ለአንድ ሰው ምስጋና ልጽፍ ነው። እሳቸው ፌስቡክ የሚባል ነገር አይነኩም፣ ስለዚህ አያነቡትም። ቢያነቡትም "ምን ሠራሁና ነው?" ብለው ይቆጡኛል። ስማቸውን አልጽፍም። ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ ነው የሚላቸው፣ እኔም ሐጂ እላለሁ።

ሐጂ መካኒክ ናቸው። ደሴ ውስጥ ጠበብ ያለች ጋራዥ አለቻቸው። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ፣ ገና ልጅ እያሉ፣ የእርዳታ መኪና ሥር እየተጋደሙ ነው ሙያውን የለመዱት። በየትኛው ገደል አፋፍ ላይ የቱ መኪና እንደቆመ ሲያወሩ ብትሰሙ ቀኑ ይመሽባችኋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ተንታ ናት። እኔ ደሴ ሱቅ አለኝ። እሷ ዘንድ ለመድረስ ኩታበርን አልፎ ወደ በሽሎ መውረድ፣ ከዚያ ያን ሁሉ የወረዱትን መልሶ መውጣት ነው። አካባቢውን ለማታውቁት፣ አጼ ቴዎድሮስ በ1860 ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ያስወጡት ይህንኑ የበሽሎን ሸለቆ አሻግረው ነው። መድፉ እስከ ዛሬ እዚያው መቅደላ ላይ አለ። ለምን ተመልሶ እንዳልወረደ ቁልቁለቱን ያየ ሰው አይጠይቅም።

እናቴ ግፊት አለባት፣ ለክትትል ደሴ ትመጣለች። በሕዝብ መኪና ተጨናንቃ፣ እግሯ አብጦ ስትወርድ ማየት ሰለቸኝ። እቁብ ሲደርሰኝ ባለቤቴም ያለውን ጨመረና፣ ፎር ዊል ያለው መኪና እንግዛ ተባባልን። የምነዳው እኔ ነኝ፤ እሱ መንጃ ፈቃድም የለው።

ከዚያማ አገር ሁሉ መካኒክ ሆነብኝ። "ማንዋል ይሻላል፣ አውቶማቲክ ይሻላል" እየተባለ ቤታችን ውስጥ እራት መብላት አልተቻለም። የወንድሜ ጓደኛ "አውቶማቲክ ለወሎ መንገድ? መኪና እንዳትይው!" ይላል። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ስልክ ደውላ "በዚህ ዘመን ፍሪሲዮን የሚረግጥ ማን አለ?" ትላለች። የእኔን መንገድ ሁለቱም አይተውት አያውቁም።

ደላሎቹ ደግሞ ባሰባቸው። ገና ሲያዩኝ "እህቴ፣ ለሴት አውቶማቲክ ነው፣ ነዳጅ መስጠትና ፍሬን መያዝ ብቻ" ነው። አንዱም የት ነው የምትነጂው ብሎ አልጠየቀኝም። በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህማ ያረጀውም የወለቀውም "ከእንግዲህ አይገኝም" እየተባለ ነው የሚሸጠው። ዋጋውን ስትጠይቅ ልብ ድካም ነው።

በመጨረሻ አንዱ ደላላ አንዲት አሮጌ አውቶማቲክ ፕራዶ አመጣ። ቀለሟ ታጥቦ ያብለጨልጫል፣ ውስጧ ሽቶ ሽቶ ይላል። "ጋራዥ ወስደሽ አስፈትሺያት፣ እኔ የምደብቀው የለኝም" አለኝ። ጋራዡን የመረጠልኝም እሱ ነው። የቱ ከተማ እንደሆነ አልናገርም፣ ስሙንም አልጠራም። ለፍተሻ ተብሎ ያስከፈሉኝን ብር ሳስበው አሁንም ያንገበግበኛል። ሰውየው ኮፈኑን ከፈተ፣ ወደ ውስጥ እንደማየት አለ፣ መልሶ ዘጋ። "ንጹህ ናት፣ እንዳታመልጥሽ" አለኝ። በቃ። ከዚያ ወጥቼ መንገድ ስሻገር ደላላውና ፈታሹ አንድ ጠረጴዛ ላይ ማኪያቶ ይዘው ሲሳሳቁ አየኋቸው። አንጀቴ ነው ያረረው።

ስለ ሐጂ የነገረችኝ ከሱቄ ስኳር የምትገዛ ደንበኛዬ ናት። ለደላላው "እዚያም ላሳያት" ስለው ፊቱ ተለዋወጠ። "ሌላ ገዥ አለኝ፣ ለሱ እሰጣታለሁ" አለ። እንግዲያው ስጥ አልኩት። ትንሽ አጉረመረመና መጣ።

አሁን ልብ ብላችሁ አንብቡልኝ። ሐጂ ኮፈን አልከፈቱም። መጀመሪያ "ቁጭ በይ ልጄ" አሉኝ፣ ቡና ተቀዳልኝ። ከዚያ ይጠይቁኝ ጀመር። የት ነው የምትሄጂው? ክረምት ላይም ትሄጃለሽ? ብቻሽን ነው? መንገድ ላይ ብትቆሚ ማን ይደርስልሻል? ጉልበትሽን ያምሻል? ወንድ ነሽ ሴት ነሽ የሚል ነገር ከአፋቸው አልወጣም። ተንታ ስላቸው ፈገግ አሉና "በሽሎን ትወርጃለሻ" አሉ።

ከዚያ ተነሱ። ሞተሩን አስነሱና ኮፈኑን ከፈቱ፣ ከአንድ ጥግ ቀጭን የዘይት መለኪያ መዘዙ። ከቱታቸው ኪስ ነጭ ሶፍት አወጡና ጠረጉበት። ሶፍቱን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ደላላውን አዩት። ምንም ሳይሉ ለእኔ አቀበሉኝ፣ "አሽችው።" ሶፍቱ ላይ ያለው ጥቁር ቡና ዓይነት ነው፣ ሽታው የተቃጠለ ነገር። "የካምቢዮው፣ የማርሽ ሳጥኑ ዘይት ነው፤ ቀላ ማለት ነበረበት። ይህ ካምቢዮ ተቃጥሏል፣ ብዙ አይሄድም" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ውስጡ ብዙ አስረዱኝ፣ እውነቱን ለመናገር አንዱም አልገባኝም። የደላላው ዝምታ ግን በደንብ ገባኝ።

ስንት ልክፈል ብላቸው "ምን ሠራሁና ነው የምትከፍይኝ? አሸተትኩ እንጂ" አሉ። እምቢ አሉ፣ እምቢ! ያኛው ሳያይ አስከፍሎኝ፣ እሳቸው ከገደል አትርፈውኝ በነጻ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

በነጋታው ተመልሼ ሄድኩ፤ የማንዋልና የአውቶማቲኩን ነገር ይገላግሉኛ። መልሳቸው ቤታችን ውስጥ ከምንከራከረው ጋር አይገናኝም። ሁለቱም መኪና ነው፣ መንገዱና ነጂው ነው የሚለያየው ብለው ጀመሩ። ወደ አፋር አሸዋ የምትወርጂ ቢሆን አውቶማቲክ ግዢ እልሽ ነበር አሉ፤ አሸዋ ላይ ማርሽ ልትቀይሪ ፍሪሲዮን ስትረግጪ መኪናው ጉልበቱን ያጣና ይሰምጣል። ድንጋይ ላይ ቀስ እያሉ ሲወጡም የአውቶማቲክ ሞተር አይጠፋም፣ ፍሪሲዮን አይቃጠል፣ ለአዲስ ነጂ እረፍት ነው። የአንቺ መንገድ ግን ረጅም ቁልቁለት ነው፣ ጋራዥ የለበትም አሉኝ። ባትሪ ቢሞትብሽ ማንዋሉን ጎረምሶች ገፍተው ያስነሱልሻል፤ አውቶማቲክ ቢገፉት አይነሳም። ጎማው መሬት እየነካ ሩቅ ከጎተቱትም ካምቢዮው ይበላሻል። ማንዋሉ ቢታመም ደግሞ የገጠር መካኒክም ይነካካዋል። "ጉልበትሽ ጤና ነው፣ ማንዋል ያዢ" አሉኝ።

የባለቤቴን ወንድም ግን ተቃራኒውን ነው የመከሩት። እሱ በየቀኑ ደሴ ኮምቦልቻ ይመላለሳል፣ የግራ ጉልበቱ ኦፕራሲዮን ሆኗል። "አንተ አውቶማቲክ ያዝ፤ የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርድ ግን ማርሹን ዲ ላይ ትተህ እንዳትተኛ፣ ወደ ዝቅተኛው ማርሽ፣ ወደ ኤል አውርደው" ነው ያሉት። ሰውን አይተው የሚመክሩ ሰው ናቸው የምለው ለዚህ ነው። የሚሸጡት መኪና የላቸው፣ ኮሚሽን የላቸው።

ማንዋል ፒክአፕ ተገኘች። ከላይ እስከ ታች ፈተሹልኝ፤ ያን ጊዜ አስከፈሉኝ፣ ያውም ተመጣጣኝ። የማልረሳው ግን ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ነው። "ቁልቁለት አወራረድሽን ልይ" ብለው ጋቢና ገቡ። የሥራ ቀን ነው፣ ጋራዡን ለልጆቹ ትተው።

ሐረጎን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከደሴ ብርድ ተነስቶ እየተጠማዘዙ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ መግባት ነው። ጉም ነበር። እኔ እንደለመድኩት ፍሬን ይዤ ለቀቅ፣ ይዤ ለቀቅ። ሐጂ ዝም። አንድ ሰፋ ያለ ቦታ ስንደርስ "ዳር ያዢና አቁሚ፣ መስኮቱን ክፈቺ" አሉኝ። ከፊታችን አንድ የጭነት መኪና እያቃሰተ ይወርዳል። "ምን ይሸትሻል?" አሉኝ። የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ነገር። "የዚያ መኪና ፍሬን ነው። የአንቺም መሽተት ጀምሯል።" ሰውየው በአፍንጫቸው ነው የሚሠሩት ብያችሁ የለ!

ፍሬኑ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። ከዚያ "ይህን ዳገት ስትመለሺ በስንተኛ ማርሽ ትወጪዋለሽ?" አሉኝ። በሁለተኛ አልኩ። "እንግዲያው በሁለተኛ ውረጂው።" ሁለተኛ አስገባሁ። ሞተሩ ጮኸ። ደንግጬ ፍሪሲዮን ልረግጥ ስል ጉልበቴን መታ አደረጉኝና፣ "አብሽሪ፣ ይጩህ። እየጮኸ ነው የሚይዝሽ" አሉኝ። እውነትም መኪናዋ ራሷን ይዛ ቀስ እያለች ወረደች። እግሬ ፍሬኑን የሚነካው ጠምዛዛ ላይ ብቻ ሆነ። መንጃ ፈቃድ ሳወጣ ይህን ያስተማረኝ የለም። ከፍዬ የተማርኩበት ቦታ ኮን መሃል ወደ ኋላ መንዳት ነበር ቁም ነገሩ።

እናቴን ለማምጣት ስሄድ በሽሎን እንዲሁ ወረድኩ። እዚያው ተንታ ወረዳ፣ አጅባር ከተማ አድሬ ጠዋት ቁልፍ ባዞር ጭጭ። ብርዱ ባትሪውን ገድሎታል። ወደ ገበያ የሚያልፉ ልጆች ጠራሁ፣ ገፉ፣ ሁለተኛ አስገብቼ ፍሪሲዮን ለቀቅ ሳደርግ ተነሳች። ልጆቹ አጨበጨቡ። እናቴ ጋቢና ተቀምጣ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ መንገዱን ሙሉ ስትመርቅ መጣች። የምትመርቀው እኔን መስሏችኋል? "ያንን ሐጂ እመቤቴ ማርያም ትጠብቅልኝ" ነው የምትለው። ደሴ ገብቼ ይህን ስነግራቸው ሐጂ ሳቁና "አሚን" አሉ። ለእናቴም ዱዓ ላኩላት።

እና ወገኖቼ፣ መኪና ከመግዛታችሁ በፊት ሐጂ ዘንድ ሂዱ። ደላላው ቢያኮርፍ ያኩርፍ። ሻጩ ሐጂ ዘንድ አልሄድም ካለ መኪናዋን ተዉዋት። ማንዋል ይሁን አውቶማቲክ እኔን አትጠይቁኝ፣ እሳቸውን ጠይቁ፤ እሳቸው ደግሞ መልሰው እናንተን ይጠይቋችኋል።

ስልካቸውንና ቦታቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ፣ ኮሜንት ላይ አልጽፍም። ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፣ ከሰዓት ወረፋ ይበዛል። ዓርብ ከሆነ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሂዱ። መኪናዋን ሳትታጠብ ውሰዱላቸው፣ ታጥባ ስትመጣባቸው አይወዱም። ቡና ካቀረቡላችሁም እቸኩላለሁ እንዳትሉ፣ ጥያቄው እዚያ ላይ ነው የሚጀምረው።