ባክአፕ ስክሪፕት እምቢ ላላችሁ፦ አርሲንክ እንዴት ነው?

ፕሮግራሚንግ የጀመረ ሰው ቶሎ ከሚሞክራቸው ነገሮች አንዱ ፎልደር ወደ ሌላ ዲስክ የሚገለብጥ ትንሽ የባሽ ስክሪፕት ነው፣ አብዛኛው ሰው ደግሞ በሲፒ (cp፣ ተራው የመገልበጫ ኮማንድ) ይጀምርና ስክሪፕቱ ሲበላሽ የቱ ጋ እንደተበላሸ ማወቅ ያቅተዋል። እኔ ለጀማሪ የምመክረው አርሲንክን (rsync፣ የተቀየረውን ፋይል እየለየ የሚገለብጥ ፕሮግራም) ነው፣ ፈጣን ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ምን ሊያደርግ እንደሆነ ስለሚያሳያችሁ። አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማከራስ በፈረንጆቹ 1996 ያወጡት ነው፣ ነፃ ነው፣ እስከዛሬም ሰርቨር የሚያስተዳድሩ ሰዎች ከእጃቸው አይለዩትም።

መጀመሪያ መልመድ ያለባችሁ ድራይ ራን የሚባለውን ነው። ኮማንዱ ላይ ሰረዝ ኤን (-n) ስትጨምሩ አንድም ፋይል አይነካም፣ ሰረዝ አይ (-i) ስታክሉበት ደግሞ ሊሠራ ያሰበውን ያሳያችኋል፣ እያንዳንዱን ፋይል ለምን እንደመረጠውም በአጭር ኮድ ይጽፍላችኋል። 9 የመደመር ምልክት ተደርድሮ ካያችሁ ፋይሉ መድረሻው ላይ የለም አዲስ ነው ማለት ነው፣ ኤስ ካለች መጠኑ፣ ቲ ካለች የተቀየረበት ሰዓት ተለያይቷል። ለምሳሌ ምንም ሳትነኩ ስክሪፕቱ ሁሌ ሁሉንም ፋይል እንደ አዲስ እየገለበጠ ካስቸገራችሁ እዚያች ኮድ ላይ ቲን ታገኟታላችሁ። ለምን ቢባል አርሲንክ ፋይል መቀየሩን የሚያውቀው በመጠኑና በሰዓቱ ነው፣ የፋይሉን ሰዓት አብሮ የሚወስደውን ሰረዝ ኤ (-a) ትታችሁ ሰረዝ አር (-r) ብቻ ከጻፋችሁ ሰዓቱን አብሮ አይወስድም፣ በሚቀጥለው ራን ሁሉም የተለያየ ይመስለዋል። ሰረዝ ኤ እያለም ያው ከሆነ መድረሻው ፋት (FAT፣ ብዙ ፍላሽ ላይ ያለ የፋይል አያያዝ ዓይነት) የሆነ ፍላሽ መሆኑን ቼክ አድርጉ፣ ፋት የፋይል ሰዓት የሚይዘው በ2 ሰከንድ እየዘለለ ስለሆነ ሞዲፋይ ዊንዶው የሚባለውን ኦፕሽን 1 ስታደርጉት ይስተካከላል።

አሁን ሁሉንም ጀማሪ ወደሚያስለቅሰው ስላሽ ልምጣ። ምንጩን «ሰነድ» ብላችሁ ስትጽፉ ባክአፕ ውስጥ ሰነድ የሚባል ፎልደር ፈጥሮ እዚያ ያስገባዋል፣ «ሰነድ/» ስትሉ ግን ፎልደሩን ትቶ ውስጡ ያለውን ብቻ ነው የሚያፈሰው። ይሄ ብቻውን ብዙም አይጎዳም፣ ዲሊት የሚለው ኦፕሽን ሲጨመርበት ነው አደጋው። ዲሊት ምንጩ ላይ የሌለውን ከመድረሻው ያጠፋል፣ ስለዚህ ትናንት ያለ ስላሽ ራን አድርጋችሁ ዛሬ ስላሽ ብትጨምሩ ትናንት የተፈጠረውን ሙሉ ፎልደር ትርፍ ነው ብሎ ይሰርዘዋል። ባካችሁ ዲሊት ያለበትን ኮማንድ ያለ ድራይ ራን እንዳትነኩት!

ሌላው ደግሞ ስክሪፕቱ መጨረሻ ላይ «ባክአፕ ተሳክቷል» የምትል ኢኮ (ጽሑፍ የሚያሳይ ኮማንድ) ይጨመራል፣ እሷ ግን አርሲንክ ቢሳካም ባይሳካም ትታተማለች። አርሲንክ ሲጨርስ ቁጥር ይመልሳል፣ 0 ከሆነ ሰላም ነው፣ 23 ከሆነ የተወሰነ ፋይል ቀርቷል (ብዙ ጊዜ የፐርሚሽን፣ ማለትም ፋይሉን የመክፈት ፈቃድ ጉዳይ ነው)፣ 24 ደግሞ እየገለበጠ እያለ ከምንጩ የጠፋ ፋይል አለ ማለት ነው። ቁጥሩን ከአርሲንክ መስመር ቀጥሎ ወዲያው ቫሪያብል ውስጥ አስቀምጡት፣ መሃል ላይ ሌላ ኮማንድ ከገባ የምታዩት የዚያን ኮማንድ ቁጥር ነው።

ተርሚናል ላይ ሠርቶ ክሮን (ስክሪፕትን በተቀጠረለት ሰዓት በራሱ የሚያስነሳ ፕሮግራም) ላይ እምቢ ካለ ሙሉ ፓዝ (የፋይሉን ሙሉ አድራሻ) ጻፉ፣ ክሮን የሚያስነሳው እናንተ ካላችሁበት ፎልደር አይደለም፣ ፓዝ ቫሪያብሉም (ኮማንዶች የሚፈለጉባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) አጭር ነው። የፋይል ስም ውስጥ ስፔስ ካለ ቫሪያብሉን በጥቅስ ምልክት ክበቡት። ኤክስተርናል ዲስኩ ሳይሰካ ስክሪፕቱ ከተነሳ ደግሞ ባዶው ማውንት ፎልደር (ዲስኩ ሲሰካ የሚከፈትበት ፎልደር) ላይ ጽፎ ዋናውን ዲስክ ሊሞላው ይችላል፣ ማውንትፖይንት በሚለው ኮማንድ አስቀድሞ ማረጋገጥ ነው።

የማልወድለት ነገር አለ፣ ማኑዋሉ በጣም ረጅም ነው፣ ጀማሪ ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። የድሮ ቨርዥንም በራሱ አያስቀምጥም፣ ዛሬ የተበላሸ ፋይል ትናንት ደህና የነበረውን ኮፒ ይተካዋል፣ ይሄን ለማዳን ባክአፕ ዲር የሚለውን ኦፕሽን ራሳችሁ መጨመር አለባችሁ፣ እኔ ብሆን ያለሱ ስክሪፕት አልጽፍም።

ዊንዶውስ ላይ ያላችሁ አርሲንክን በደብሊውኤስኤል (WSL፣ ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስን የሚያሠራ) መጠቀም ትችላላችሁ፣ ካልሆነ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው ሮቦኮፒ ጥሩ ነው፣ እሱ ግን 1 ቢመልስ እንዳትደነግጡ፣ ፋይል በትክክል ተገልብጧል ማለት ነው፣ ስህተት የሚሆነው 8 እና ከዚያ በላይ ሲመልስ ነው።