ካርድ ክፍሉ ያናድዳል፣ ሐኪሟ ግን ትክሳለች

ደብረ ብርሃን ያለ አንድ የግል ክሊኒክ ነው፤ ስሙን አልጠራም። የቆሽት ብግነት አስተኝቶኝ ካገገምኩ በኋላ ክትትሌ እዚያ ነው። ካርድ ክፍሉ ቆሽት ለታመመ ሰው ቆሽት የሚያሳርር ነው፤ መጠበቂያው ደግሞ በጥቅምት ቁር ጋቢ ደርበውም አያስቀምጥ።

ወጣቷ ሐኪም ግን ሰው አክባሪ ናት። «አባባ፣ ይቀመጡ» ብላ በላቦራቶሪው ወረቀት ጀርባ ላይ አንጀትና ቆሽት ሣለችልኝ። ትንሹ አንጀት ሬግ3 የሚባሉ ፕሮቲኖችን ያመነጫል። አንዱ፣ ግራም ፖዘቲቭ ከሚባሉት ባክቴሪያዎች ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ሽፋናቸውን ይበሳል። ሁሉንም ግን አይፈጅም፤ እንደ አጥር ጠባቂ ከአንጀቱ ገጽ ያርቃቸዋል እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2011 በአይጦች ላይ የታየው ርቀት 50 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ ከፀጉር ውፍረት እምብዛም አይበልጥም!

ጤነኛ ቆሽት ይህን ፕሮቲን እምብዛም አያመነጭም፤ ሲቆጣ ግን ያጎርፈዋል። መጀመሪያ የተገኘውም ቆሽታቸው በተቆጣ አይጦች የቆሽት ፈሳሽ ውስጥ ነው።

«ታዲያ ልጄ፣ ለምን እሱን አትለኩልኝም?» አልኳት። ለእንዲህ ያለው ሕመም የተለመደው፣ ቆሽት የሚያመነጨውን ስብ ፈጪ ኢንዛይም የሚለካው የላይፔዝ ምርመራ እንደሆነ ነገረችኝ፤ ከሬግ3 ፕሮቲኖች አንዱ በአንዳንድ አገሮች የሚለካው ሲስቲክ ፋይብሮሲስን፣ ማለትም ሳንባንና ቆሽትን የሚጎዳውን በዘር የሚተላለፍ በሽታ፣ ከአራስ ሕፃናት ደም ለመለየት ነው።

አረቄ ጨርሶ ከልክላኛለች፤ ለመንዝ ሰው ከባድ ትእዛዝ ነው። ክፍያው መካከለኛ ነው። የምትሄዱ ከሆነ በማለዳ ሂዱ፣ የድሮ የምርመራ ወረቀታችሁንም ያዙ፤ ካርድ ክፍሉ አያገኘውም።