ለፊዚክስ ቤተ ሙከራ የገዛነው የዩ ቅርጽ ማኖሜትር

ለትምህርት ቤታችን የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ከአንድ መደብር የዩ ቅርጽ ያለው ማኖሜትር፣ ማለትም የግፊት መለኪያ፣ ገዝተን አንድ ወሰነ ትምህርት ሙሉ ተገልግለንበታል። ከካርቶኑ የወጣው የታጠፈ የመስታወት ቱቦ፣ ከኋላው የተለጠፈ የመለኪያ ሰሌዳ፣ አንድ ሜትር ያህል የጎማ ቱቦና አንዲት ብልቃጥ ቀይ ዘይት ብቻ ነው። ባትሪ የለውም፤ የሚያረጅ ሞላም የለውም። አንደኛውን ክንድ ከሚለካው ነገር ጋር አገናኝተን ሌላውን ለአየር ክፍት ስንተወው፣ በሁለቱ ክንዶች መካከል የሚታየው የከፍታ ልዩነት በፈሳሹ እፍግታ (በአንድ ይዘት ውስጥ ባለው መጠነ ቁስ) እና በስበት ሲባዛ የግፊቱን ልዩነት ይሰጠናል፤ ፈሳሹ ውሃ ከሆነ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 98 ፓስካል ያህል ነው።

ቅሬታዬ ሰሌዳው ላይ ነው። ዘይቱ በሁለተኛው ወር ስለፈሰሰብን በምትኩ ቀለም የተቀላቀለበት ውሃ ሞላንበት። ከዚያ በኋላ በስስ ፊኛ የተሸፈነውን የጎማውን ጫፍ በባልዲ ውስጥ 20 ሴንቲ ሜትር ብናጠልቀው፣ ንባቡ 16 ከግማሽ እንኳ አልሞላም። በመጀመሪያ የጠረጠርነው የፊኛውን መወጠር ነበር፤ ይበልጥ የሳሳ ብንቀይርም ለውጡ እምብዛም ነው። በመጨረሻ አንዲት ተማሪ ማስመሪያዋን ሰሌዳው ላይ አስጠግታ፣ ከ0 እስከ 10 ያለው ርቀት 12.1 ሴንቲ ሜትር መሆኑን አሳየችን። ሰሌዳው «ሴንቲ ሜትር ውሃ» ቢልም የተሰመረው እፍግታው የውሃን 0.826 ለሆነው ለዚያ ዘይት ስለነበር፣ ውሃ ሲሞላበት ንባቡን በ17 በመቶ ገደማ ያሳንሰዋል። መመሪያ ሳናነብ መሙላታችን የኛ ጥፋት ነው እንዳይባል፣ ከዕቃው ጋር የመጣ መመሪያ አልነበረም። አሁን ሰሌዳውን በወረቀት ሸፍነን ልዩነቱን በማስመሪያ እንለካለን፤ ለማስተማርም ይኸው ይሻላል።

የቱቦው ጥበትም ያስቸግራል። የአየር አረፋ በቀላሉ ስለሚያዝበት አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና መጨመር፣ ቱቦውን መታ መታ ማድረግና ዓይንን ከፈሳሹ የጎደጎደ ገጽ ታችኛ ክፍል ጋር አስተካክሎ ማንበብ የግድ ነው።

ለአዲስ አበባ መምህራን የምጨምረው አንድ ነገር አለ። ክፍት ማኖሜትር የሚነግረን ከከባቢ አየር በላይ ወይም በታች ያለውን ግፊት ብቻ ስለሆነ፣ ጠቅላላውን ግፊት የሚሹ ተማሪዎች በመማሪያ መጽሐፍ ያለውን 101 ኪሎ ፓስካል ይደምራሉ፤ ያ ግን የባሕር ወለል ነው፣ በከተማችን ከፍታ 77 ገደማ ነው።

ሻጩ በሜርኩሪ የሚሠራውንም አሳይቶን ነበር። በእፍግታው ከውሃ 13.6 እጥፍ ስለሚበልጥ ለትልቅ ግፊት አጭር ቱቦ ይበቃዋል፤ ነገር ግን መስታወቱ ቢሰበር ተማሪዎች ባሉበት ክፍል የሚተነውን መርዝ ማን ይሰበስባል? በዘይት የሚሠራውን ወሰድን፤ ድጋሚ ብንገዛም ይህንኑ እንወስዳለን፣ ማስመሪያችንን ግን ይዘን ሄደን ሰሌዳውን እዚያው ለክተን።